የመመለሻ ዋጋ

ደሴ ፒያሳ ሱቅ በነበረኝ ጊዜ ዕቃ መመለስ ወሬ አልነበረም። ሴትዮዋ ቀሚሱን ይዛ ትሄዳለች፤ ለባሏ ወይ ለእህቷ አሳይታ ካልተወደደላት በማግስቱ ታመጣዋለች። እኔም አራግፌ ወደ መስቀያው እመልሰዋለሁ፣ ብሯን በእጇ እሰጣታለሁ። ደሴ ላይ እንዲህ ካልሸጡ ማን ይገዛል? እንደ ውለታ የሚቆጥረውም አልነበረም።

ኪራዩ ሲያንቀኝ ሱቁን ለቅቄ ቀሚሶቹን ቤቴ አስገባሁና በቴሌግራም መሸጥ ጀመርሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ከየገጠሩ መጥተው አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ፤ ደሴ ወጥተው ሱቅ የሚያማርጡበት ጊዜ የላቸውም። ፎቶ አይተው ያዝዛሉ፣ እኔ በሚኒባስ እልካለሁ።

መጀመሪያ ብሩን በቀጥታ ወደ ባንክ ሂሳቤ ይልኩልኝ ነበር። በኋላ ሐሰተኛ ደረሰኝ እየሠሩ የሚልኩ ሌቦች መጡብኝ። ሁለት ቀሚስ ከበሉኝ በኋላ ከአንድ የክፍያ ድርጅት ጋር ተዋዋልሁ። ደንበኛዋ የምልክላትን ሊንክ ነክታ ትከፍላለች፤ ድርጅቱ ድርሻውን ቆርጦ ቀሪውን ለእኔ ያስገባል። ሲጀመር ድርሻው ትንሽ ስለነበር አልከፋኝም። ከዚያ መልእክት ይመጣ ጀመር። «ውድ ደንበኛችን፣ አገልግሎታችንን ለማሻሻል» ብሎ የሚጀምር መልእክት ሁሉ መጨረሻው ጭማሪ ነው። የተሻሻለውን ነገር እስከ ዛሬ አላየሁትም። ይባስ ብሎ፣ ዕቃ ሲመለስ አስቀድሞ የቆረጠውን አይመልስም፤ ለመመለሻው ደግሞ ሌላ ይቆርጣል። ሽያጩ ፈርሷል፣ እኔ ያተረፍሁት የለም፣ እሱ ግን ሁለት ጊዜ በልቷል። ሌባ እንኳ አንዴ ወስዶ ይሄዳል።

እኔም እንደ ልማዴ አደረግሁ። ያልሆናት ልጅ ቀሚሱን ካመጣች ብሯን ከኪሴ አውጥቼ በእጇ እሰጣት ነበር። ድርጅቱ ምን አገባው ብዬ ነው።

ከደንበኞቼ አንዲቱን በተለይ እወዳታለሁ። ሳቂታ ናት፤ ስትከራከር እንኳ እየመረቀች ነው። እሷ አንድ ቀን የጠበባትን ቀሚስ ይዛ መጣች፣ እኔም ብሯን ሰጠኋት። የከፈለችበት ስልክ ግን የራሷ አልነበረም። በዚያች ክፍል ካሉት ልጆች በስልኳ መክፈል የምትችለው አንዷ ብቻ ስለሆነች፣ ሌሎቹ ብሩን ለእሷ እየሰጡ በእሷ ስልክ ነው የሚገዙት። ድርጅቱ ለባለ ስልኳ ልጅ «ዕቃው እንዴት ሆነ?» የሚል ጥያቄ ላከላት። ቀሚሱ መመለሱን ሰምታ ነበርና «ተመልሷል» የሚለውን ነካች። እውነቷን ነው። ድርጅቱ ሙሉውን ዋጋ ከእኔ ሂሳብ አንስቶ ለእሷ ላከ፣ ቅጣትም ጨመረብኝ።

በዕረፍት ቀናቸው ሁለቱም ተያይዘው ደሴ መጡ። ባለ ስልኳ ልጅ ብሩን በመሐረብ ቋጥራ ይዛለች።

«አፉ በይን እቴ» አለች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። «ወላሂ እንዲህ መሆኑን አላወቅሁም። የሰው ሐቅ እኛ ቤት አያድርም።»

ዋጋው በእነሱ ደግነት ተመለሰልኝ። ቅጣቱን ለማስመለስ ድርጅቱ ጋ ደወልሁ። አንዲት ለስላሳ ድምፅ «የኔ እመቤት፣ በእጅ የተሰጠ ብር እኛ ጋ አይታወቅም» አለችኝ። ደግሜ በእጄ ከመለስሁ ሂሳቤ እንደሚዘጋም ነገረችኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። ሂሳቡ ከተዘጋ የልጆቼ እንጀራ ተዘጋ ማለት ነው። የዚያኑ ቀን «ዕቃ የሚመልስ ሰው የመመለሻውን ወጪ ራሱ ይችላል» ብዬ ቻናሌ ላይ ጻፍሁ። ስጽፈው ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ሳነበው ያናድደኛል።

አረፋ ሲቃረብ ያቺው ሳቂታ ልጅ ለእናቷ ቀሚስ አዘዘች። «ሰፊውን አድርጊልኝ፣ እናቴ ሙሉ ሴት ናት» አለችኝ በስልክ። ዙሪያውን ጥልፍ ያለበትን፣ ካለኝ ሁሉ የሚያምረውን ላክሁላት። አገሯ ከደሴ አልፎ ከገራዶ ወዲያ ነው፤ ፋብሪካ ከገባች ጀምሮ ለበዓል ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ስትመለስ ቤቴ ጎራ አለች። ቀሚሱን ከፌስታል አወጣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ያን ቀን አልሳቀችም።

«ሰፋቸው?» አልኋት።

«በጣም። እኔ የማውቃት ወፍራም ሆና ነው።»

«አሟቸው ነበር እንዴ?»

«አይ፣ ደህና ነኝ ነው የምትለው። ብቻ ከስታለች። ገብቼ ሳቅፋት ነው ያወቅሁት።»

ትንሹ ቁጥር ከሁሉም ዓይነት አልቆብኛል፤ ከተመለሰልኝም ውስጥ ለእናቷ የሚሆን የለም። ጥልፉ ዙሪያውን ስለሆነ ልብስ ሰፊ ጋ ወስዶ ማስጠበብም አይሆንም። ብሯን ብመልስላት ስንት እንደሚቆረጥ አስልቼ ነገርኋት። በሚቀራት ሌላ ቀሚስ አይገዛም። እኔ ልቻለው እንዳልል፣ ከበዓሉ ወዲህ የተመለሰብኝ ልብስ ተከምሮ አጠገቤ ነው፤ ለአንዷ ያደረግሁትን ለሁሉም ላድርግ ብል ሥራው እዚያው ላይ ያበቃል። በእጄ ልስጥሽ ማለት ከአፌ ደርሶ ነበር። ያቺ ለስላሳ ድምፅ ትዝ አለችኝና ዋጥሁት። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ብሬ፣ ፊቷን እንኳ ያላየኋት ሴት አፌን አዘጋችኝ።

ልጅቱ ይህን ሁሉ አላወቀችም። ወይም አውቃ ልታሳፍረኝ አልፈለገችም። ቀሚሱን በነበረበት እጥፋት መልሳ አጠፈችው፣ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችና ተነሣች።

«አብሽሪ እቴ» አለችኝ፣ ትከሻዬን ነካ አድርጋ። «አገር የሚሄድ ሰው ሳገኝ እልክላታለሁ። ትወፍርበታለች።»

ምን በልታ እንደምትወፍር አልጠየቅኋትም።