ቁጥሩ የተፋቀው ሞተር

በቀደም መኪናዬን ላሠራ በገባሁበት ጋራዥ በቤንዚን የራሰ ጨርቅ ሸተተኝና ወዳደግሁባት ትንሽ ከተማ፣ ወደ ቁይ፣ አባቴ ጋራዥ መለሰኝ።

አባቴ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ዕድሜ በማወቅ የታወቀ ነበር። ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር በቤንዚን ጠርጎ ጠመኔ ያሽበታል፤ ነጥቶ ሲወጣ የተሠራበትን ዓመት ይናገራል። ሰዉ እንደ ጠንቋይ ያየው ነበር፤ ጥበቡን ሁሉ የቀዳው ግን ከአንድ የተቀዳደደ ካታሎግ ነው። የጠገናቸውን ሞተሮች ቁጥር ደግሞ እኔን እንደ ዳዊት በቃል ያስጠናኝ ነበር።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ በገበያ ቀን፣ ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች ቀይ ሞተር እየገፉ መጡ።

“ጋሼ፣ ልንሸጠው ነው። የስንት ዓመተ ምሕረት ሥሪት እንደሆነ ይንገሩን” አለ ካፖርት የለበሰው።

አባቴ ጠመኔውን አሸ። ቁጥሩ በሞረድ ተፍቆ ሌላ ተመትቶበታል፤ በደንብ ስላልተፋቀ ግን የድሮውም ከሥሩ ነጥቶ ወጣ። በሞተሩ ወደ ይጁቤ ሄዶ የውሃ ሽታ ሆኖ የቀረው የወባ ሠራተኛ፣ የጋሽ ምናለ ሞተር ነበር።

“አባዬ፣ ይሄ እኮ የጋሽ ምና—”

በጥፊ አለኝ። ከዚያ በፊት መትቶኝ አያውቅም።

“ሦስትና ስምንት የማትለይ ደነዝ!” አለና ወደ ሰዎቹ ዞሮ ሳቀ። “የስድሳ ሰባት ሥሪት ነው። ጥሩ ሞተር ነው፣ ሽጡት።”

ካፖርት የለበሰው አልሳቀም። “ልጅዎ ጎበዝ ናት” አለ ፊቴን እያየ። “የት ነው የምትማረው?”

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አባቴ ደብረ ማርቆስ፣ አክስቴ ዘንድ ላከኝ። እሱ ጋራዡን አልዘጋም፤ ቢዘጋ የማን ሞተር እንደሆነ ማወቁን መናገር ይሆንበት ነበርና። ዛሬ ሰዎች ከቁይ በልጅነቴ የወጣሁት ለትምህርት ፍቅር ይመስላቸዋል። አላርማቸውም።