በናጅዋ ፍሪጅ ውስጥ የማን ሥጋ አለ?

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁል የወረደ አውቶቡስ ሸዋሮቢት ሲደርስ፣ ተሳፋሪው ጋቢውን ጠቅልሎ ጃኬቱን በመስኮት ሊወረውር ምንም አይቀረው። ከላይ ጥርሱን ሲያፋጭ የነበረ ሰው፣ እታች አፉን ከፍቶ ውሃ ይላል። ናጅዋ የምትጠብቀው ይህን አፍ ነው።

ናጅዋ ባለባጃጅ ናት። የኋላውን ወንበር አስነቅላ፣ በቦታው በባትሪ የሚሠራ፣ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት ፍሪጅ አስቀምጣ ውሃና ለስላሳ ትሸጣለች። መጀመሪያ ላይ ፍሪጁና ሞተሩ ከአንድ ባትሪ ይጠቡ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ለስላሳው በረዶ ሆኖ ባጃጇ አልነሳ አለች። የመናኸሪያ ጎረምሶች ከነፍሪጇ እየገፉ ቤቷ አደረሷት። “ናጅዋ፣ ሞተሩንም በረደው እኮ!” እያሉ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ባትሪ አላት፤ አንዱ የሞተሩ፣ አንዱ የፍሪጁ። ሠርግ ቤት እንደሚቀርብ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ፣ ድስታቸውም ቢላቸውም ለየቅል ነው።

የሶላር ሰሌዳም አላት። ሰሌዳው ፀሐይ ይፈልጋል፣ ፍሪጁ ጥላ። ሁለቱን ለማስታረቅ ረጅም ሽቦ ገዛች። ባጃጇ ዛፍ ሥር ትቆማለች፣ ሰሌዳው እንደታሰረ ፍየል ከሩቅ ፀሐይ ላይ ይሰማራል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ውሃዬን መጠጣት ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። ፀሐይን በገመድ አስራ ብርድ የምታልብ ሴት!

የብርዱ ጠላት ግን ፀሐይ አይደለም፤ ጎረቤት ነው። “ናጅዋዬ፣ ይቺን ብቻ” ብሎ የማይመጣ የለም። አንዱ ወተት፣ አንዱ መድኃኒት፣ አንዱ የግማሽ ሐብሐብ አደራ። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ብርዱ ይሸሻል፣ ባትሪው ይደክማል። እምቢ እንዳትል ይሉኝታ ይዟታል።

ኢድ አልፎ፣ ሁዳዴ ገና ሳይፈታ፣ የሽንኩርት ነጋዴው ጋሽ አብዱልሃዲ ልጃቸውን ሩዋይዳን ሊድሩ ሆነ። ቤታቸው ከሮቢ ወንዝ ማዶ፣ የመብራት ሽቦ ያልደረሰበት ነው። ናጅዋን አስጠርተው፣

“ሙሽራው የአሊዩ አምባ ልጅ ነው” አሏት። “እነሱ ለብ ያለ ለስላሳ ካጠጣናቸው ለልጅ ልጆቻቸው ያወሩታል። አጃቢው ሲደርስ ጥርስ የሚያም ነው የምፈልገው። ካሳፈርሽኝ ያቺን ባጃጅሽን የዶሮ ቤት አደርጋታለሁ።”

“ኢንሻአላህ ጋሼ፣ ጥርሳቸውን ይይዛሉ።”

ሥራው ከሰመረ የቀወት ወረዳ ሠርግ ሁሉ የእሷ ነው። ከከሸፈ ደግሞ ስሟ ከነፍሪጇ ለብ ይላል። ቅዳሜ ጠዋት ፍሪጁን ለስላሳ ሞላች፤ ከሥሩ ሌሊቱን በረዶ ያደረገቻቸውን የውሃ ጠርሙሶች ደረደረች። እስከ እሑዱ ሠርግ ድረስ ክዳኑ መነካት የለበትም።

ከአፍታ በኋላ አጠገቧ ማንጎ የሚሸጡት እትዬ ትርንጎ ቅቤ ይዘው መጡ። “ለፋሲካ ያስቀመጥኋት ናት፤ በዚህ ሙቀት ዘይት ልትሆንብኝ ነው። ከፈት አርጊልኝ።”

ናጅዋ ክዳኑ ላይ ሁለት እጇን ዘረጋች። “እትዬ፣ ዛሬስ የሠርጉ ሥጋ ገብቶበታል። የሙስሊም ሥጋ።”

እትዬ ትርንጎ ቅቤያቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። “እንዳትከፍቺው! እንኳን ነገርሽኝ ልጄ!”

እንዴት ያለች ጣፋጭ ውሸት! ወላሂ አላለችም፤ ይህን ለራሷ እንደ ጽድቅ ቆጠረችው። ትንሽ ቆይታ የሰፈሯ ሴት ራህመት የግመል ወተት አንጠልጥላ ስትመጣ፣ ያቺው ውሸት ልብሷን ቀይራ ወጣች።

“ምን ላድርግሽ ራህመት፣ እትዬ ትርንጎ ሥጋቸውን አደራ ጥለውብኛል።”

“የማንን ሥጋ?” ራህመት ወተቷን ከፍሪጁ አርቃ ሄደች።

እሑድ ረፋድ ላይ ናጅዋ ዳሱ አጠገብ፣ ዋርካ ሥር ቆማ፣ ለሽማግሌዎች ጥቂት ለስላሳ አወጣች። አንድም እጅ አልነካውም። በዚህ በኩል ራህመት በሙስሊሞቹ ጆሮ ስታንሾካሹክ፣ በዚያ በኩል እትዬ ትርንጎ ጾመኞቹን “ከሥጋ ጋር ያደረ ነው” እያሉ ሲያስጠነቅቁ፣ ጠርሙሶቹ ብቻቸውን ያልባቸው ነበር።

ጋሽ አብዱልሃዲ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። “ናጅዋ! ለልጄ ሠርግ የትርንጎን ሥጋ ይዘሽ መጣሽ?”

“የማንን ሥጋ አሉ?” እትዬ ትርንጎ ከጾመኞቹ መሃል ተነሡ። “የኔን? በሁዳዴ? አብዱልሃዲ፣ እኔ ወተት እንኳ የሸተተበት ቤት አልገባም! ሥጋው ያንተ ነው አለችኝ እንጂ!”

ሁሉም ዓይን ናጅዋ ላይ አረፈ።

“ወላሂ ሥጋ የለበትም” አለች።

“ትናንትስ አለበት አላልሽም?”

“ትናንት ወላሂ አላልኩም ጋሼ።”

ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። “ክፈቺው” አሉ ጋሽ አብዱልሃዲ። “እስከ ታች እንየው።”

ናጅዋ በዚያ ሐሩር፣ በገዛ እጇ ክዳኑን ከፈተች። ነጭ ጉም ብቅ ብሎ የዋርካውን ቅጠል ሳይነካ ጠፋ። ጠርሙሶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሰው ሁሉ ሥጋ ፍለጋ ብሎ ጠጋ፤ ከጠጋ በኋላ ግን ሥጋውን ረስቶ ፊቱን ብርዱ ላይ እየደፋ፣ “እፎይ!” “ኧረ ተራ ስጡኝ!” ይል ጀመር። ከታች የቀሩት የበረዶ ጠርሙሶቹ ብቻ ነበሩ።

ያን ጊዜ ከሮቢ ማዶ የአጃቢው ጥሩምባ ተሰማ።

ናጅዋ ጠርሙሶቹን እየወረወረች መለሰች። የፍሪጁ መብራት ቀይ ሆኗል፤ ሰሌዳው ደመና ይዞታል። ሞተሩን አየችው። ከዚያ እየተራገመች የሞተሩን ባትሪ ነቅላ ከፍሪጁ ጋር አሰረችው። ያልተቀላቀለው ተቀላቀለ።

“አሁን የሚከፍተውን አያለሁ!” እትዬ ትርንጎ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ክዳኑ ላይ ቁጭ አሉ። ጋሽ አብዱልሃዲ ራሳቸው ሊቀምሱ ሲጠጉ፣ “ሙሽራው ይቅደም፣ ቀልበ ቢስ!” ብለው መለሷቸው። የአሊዩ አምባ ሰዎች አቀባበል ተደርጎላቸው፣ ተስተናግደው፣ ተቀምጠው እስኪረጋጉ ድረስ እትዬ ትርንጎ ከክዳኑ ላይ ንቅንቅ አላሉም።

ሙሽራው የመጀመሪያውን ለስላሳ ጎንጨት አድርጎ ጉንጩን ያዘ። “ወይኔ ጥርሴን!”

ጋሽ አብዱልሃዲ በደስታ ከዘራቸውን ጣሉ።

አመሻሽ ላይ ባጃጇ አልነሳ አለች። ጾመኛውም ያልጾመውም በአንድነት፣ “ሞተሩንም በረደው!” እያለ እስከ ከተማ ገፋት። ገና መንገድ ላይ ሳለች ሦስት ሰዎች ለሠርጋቸው ቀጠሯት፤ ሁሉም ሲቀጥሯት ቀድመው የጠየቋት፣ “የማን ሥጋ አለበት?” ብለው ነው።

የእትዬ ትርንጎ ቅቤ አሁን ፍሪጁ ውስጥ፣ ከበረዶው በላይ፣ በክብር ተቀምጣለች። እስከ ፋሲካ አትነሣም። እሳቸውም በየቀኑ፣ ጠዋትም ቀትርም ማታም፣ ደኅና መሆኗን ለማየት ክዳኑን ይከፍታሉ። ከፍተውም በጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ ወግ ይጀምራሉ።

ናጅዋ ብርዱ ሲሸሽ ቆማ ታየዋለች። ምን ትበላቸው?