የጃንጥላው ዘፈን

የማይክሮፎኑ ስፖንጅ ሊፕስቲክና የሚንት ከረሜላ ይሸታል። ስንት ጊዜ ቀይሬዋለሁ፣ ሽታው ግን ያው ነው። ባለፈው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጓደኞቼ ቴሌቪዥኑን ሲያስተካክሉ ከከረጢቱ አውጥቼ አሸተትኩትና በአንድ ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ሆነ። ያ ሳሎን መጣ። በግማሽ ከወረደው የመስኮት መዝጊያ ሾልኮ ወለሉ ላይ የሚጋደመው ፀሐይ፣ በር ላይ የተደረደሩት የሴቶች ጫማዎች፣ ሁሉም መጡ። ቅናቴም አብሮ መጣ። እሱ ለነገሩ ሩቅ ሄዶም አያውቅ።

ሮም እንደገባሁ የተቀጠርኩት አንዲት ጃፓናዊት ወይዘሮ ቤት ነበር። ባለቤታቸው ነጋዴ ስለነበሩ ዘወትር መንገድ ላይ ናቸው። እኔ እዚያው እያደርኩ ቤት አጸዳለሁ፣ ልብስ እተኩሳለሁ፣ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ዓሣና አትክልት እገዛለሁ። ሲኞራ ነበር የምላቸው። ዕድሜያቸው አምሳን አልፎ ነበርና እንደ አሮጊት አያቸው ነበር። ዛሬ እኔ ራሴ በልጫቸዋለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት የእኛ የቤት ሠራተኞች እረፍት ነው። የአገሬ ልጆች ፀጉራቸውን ተሠርተው ወደ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ይወጡና ወሬና ካሴት ይለዋወጣሉ። ሲኞራም ሐሙስ ከሰዓት እኩዮቻቸው የሆኑ ጃፓናውያን ጓደኞቻቸውን ሰብስበው የወጣትነታቸውን ዘፈኖች ይዘፍኑ ነበር። ትሪ የሚያክል ዲስክ የሚጎርስ መሣሪያ ነበራቸው። ሙዚቃው ከእሱ ይወጣል፣ ግጥሙ ቴሌቪዥኑ ላይ ያልፋል፣ ዘፋኟ ማይክሮፎኑን የያዘችው ሴት ናት።

መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ዜማው ለእኔ ጆሮ የእኛው ትዝታ ነበር፣ ቅኝቱ፣ ልቅሶው፣ መጎተቱ። አንድ የአገሬ ሰው ሳሎን ገብቶ ካሴት የከፈተ መስሎኝ ጫማዬን አውልቄ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ መውጣት ተውኩ። ሻይ አቀርባለሁ፣ በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ደረቅ የሩዝ ብስኩት በሳህን አዞራለሁ፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

ሕግ ነበራቸው። እያንዳንዷ የራሷ ዘፈን አላት። አንዷ የወደቡን፣ አንዷ የበረዶውን፣ አንዷ የባቡሩን ትዘፍናለች፣ የሌላዋን ማንም አይነካም። የሰው የጥርስ ብሩሽ እንደማይነካው ማለት ነው። ሲኞራ ይህን ሲያስረዱኝ፣ ባለቤት የሌለው አንድ ዘፈን እንዳለ ነገሩኝና ለእኔ ሰጡኝ። አንድ ሰው ረስቶት የሄደውን ጃንጥላ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይዛው ወጥታ አርጥባ እያመጣች ስለምታደርቅ ሴት ነው። የምተኩስበት ክፍል በር ላይ ቆመው አንድ አንድ ስንኝ እየዘፈኑልኝ፣ እኔም ከሸሚዞቹ ጋር እየተከተልኩ፣ ያዝኩት። የጃፓን ፊደል አንድ አላውቅም፣ በጆሮዬ ነው የያዝኩት።

ድምፄ የማንም ሰው ድምፅ ነበር። ግን አልጋው የእሳቸው፣ ቁልፉ የእሳቸው፣ ሰዓቴ ሁሉ የእሳቸው በሆነበት ቤት ያ ዘፈን የእኔ ነበር። የኔ ተራ ሲደርስ ሴቶቹ ስኒያቸውን አስቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። በዚያ ከተማ ውስጥ ማንም የጠበቀኝ ሌላ ቦታ አልነበረም።

አሁን ስለ እሷ ልናገር። ባልናገር ደስ ባለኝ።

አብሮ አደጌ ናት። እኔ ባለሁበት ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ላይ አንድ ጠበቃ ቤት ነበር የምትሠራው። ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ኮት ገዝተን እሷ ላይ ሌላ ኮት ነበር። ፔርሜሶዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ከእኔ ቀድማ አገኘች። አደባባይ ላይ የሚያነጋግሩኝ ወንዶች ሁለተኛው ጥያቄያቸው ስለ እሷ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ሳለን እንኳ እሷን ከፊት፣ እኔን ከኋላ ነበር የሚያቆሙን። መልካም ሰው ናት፣ እሱ ነው የባሰው። ክፉ ብትሆን ጠልቻት በተገላገልኩ።

አንድ ሐሙስ ዝናብ ጣለና ጃንጥላ ልትዋሰኝ ወረደች። ሲኞራ ዝናቡ እስኪያባራ ግቢ አሏት። ጫማዋን አውልቃ፣ እርጥብ ፀጉሯን በእጇ ወደ ኋላ ጠምዝዛ፣ አጠገቤ ተቀመጠች። ሻዩ ሲያልቅ አንዷ ሴትዮ ለጨዋታ ያህል፣ "አንቺስ ትዘፍኛለሽ?" አለቻት በጣልያንኛ።

"አንድ ብቻ አውቃለሁ" አለች።

የምታውቀው የእኔን ነበር። ከየት ታውቃለች? ከእኔ ነዋ። ገበያ ስንሄድ፣ ደረጃ ስንወጣ፣ ሳላንጎራጉርላት የዋልኩበት ቀን አልነበረም። እኔ ስለ ሕጉ ነግሬያት አላውቅም። ለምን እነግራታለሁ?

ማይክሮፎኑን ያዘች። መጀመሪያ ሴቶቹ ሁሉ ያዩት እኔን ነበር፣ ነውሩን ስለሚያውቁ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ማንም እኔን አላየም። የበረዶውን ዘፈን የምትዘፍነው ሴትዮ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ስዘፍነው ጃንጥላ ብቻ የነበረው፣ በእሷ አፍ ረስቶት የሄደው ሰውዬ ጭምር ሆነ። ሲያልቅ ሲኞራ ተነሡና ለእሷ አጨበጨቡ፣ ወደ እኔ ግን ዞረው ትንሽ ጎንበስ አሉ። ይቅርታ መጠየቃቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ያ ጎንበስ ማለት ነው ያቃጠለኝ፤ የተቀማሁት ነገር እንዳለ አረጋገጠልኝ።

ደረጃው ላይ፣ "ምን ሆንሽ?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ተቆጣሽ እንዴ?"

"ምን ያስቆጣኛል? ጃንጥላውን ያዢው።"

ከዚያ በኋላ ያን ዘፈን አልዘፈንኩም። ሲኞራ ዲስኩን ሲከቱት ጉሮሮዬን አሞኛል እላለሁ። እሳቸውም አልተጫኑኝም። አገራቸው ሲመለሱ መሣሪያውን ለጓደኞቻቸው፣ ማይክሮፎኑን ለእኔ ሰጡኝ። "የዘፈን ባለቤት ማይክሮፎን ያስፈልጋታል" አሉ። አንገቴን አቀርቅሬ ተቀበልኩ።

ዛሬ እኛ የያኔዎቹ የቤት ሠራተኞችም ያንን ዕድሜ አልፈናል። እሑድ እሑድ አንዳችን ቤት ተሰብስበን እነዚያኑ ዘፈኖች ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን አድርገን እንዘፍናለን። ልጆቻችን በጣልያንኛ ይስቁብናል። ስክሪኑ ላይ የሚያልፈውን ጽሑፍ አንዳችንም አናነበውም፣ ሌሎቹ የተማሩት ከእኔና ሐሙስ ሐሙስ ሲኞራ ቤት እየወረደች ከሰማችው ከእሷ አፍ ነው። ሕጉንም አልለቀቅንም። አንዷ የወደቡ፣ አንዷ የባቡሩ ናት። እሷ የበረዶውን ወስዳለች፣ ስትዘፍነው ጎረቤት መስኮት ይከፍታል። እኔ ተራዬ ሲደርስ ሻይ ላፈላ እነሣለሁ። ጃንጥላውን እሷም ዳግመኛ አልዘፈነችውም። ይኼም ያበግነኝ ነበር። ቀምታኝ ስታበቃ እንደ ከረሜላ ወረቀት ጣለችው እል ነበር።

ዘንድሮ እንቅርቷን ኦፕራሲዮን ሆነች። ዳነች፣ ድምፅዋ ግን አብሯት አልወጣም። ሐኪሙ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ብሏታል። ባለፈው እሑድ አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ መጣችና፣ እኔ እንደ ልማዴ ለሻዩ ስነሣ፣ ስልኩን ተቀብላ ስትፈልግ ቆየች። የመጀመሪያዋ የዜማ ጠብታ ስትወጣ ባለሁበት ቆምኩ።

ማይክሮፎኑን ዘረጋችልኝ። "አሎራ፣ በይ፣ ተራሽ ነው" አለች በሹክሹክታ፣ ሌላ ድምፅ የላትምና።

"አንቺ ዘፍነሽዋል እኮ።"

"አንዴ። አላወቅኩም ነበር። ሲኞራ በማግስቱ ነገሩኝ። የሷ ነው፣ እሷ እስክትዘፍነው አትንኪው አሉኝ።" ትንፋሽ ወሰደች። "ስጠብቅሽ አረጀሁ።"

ዘፈንኩ። የመጀመሪያው ስንኝ እንደ ምንም ወጣ። ሁለተኛው ላይ ባዶ ሆንኩ። ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ ቀለሙን እየቀየረ ያልፋል፣ ለእኔ የሚነግረኝ ነገር የለም። ወደ እሷ ዞርኩ። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ቃሉ አንድ ሳይጎድል እዚያ ነበር። ስታጥብ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ ለብቻዋ ውስጥ ውስጡን ይዛው ኖራ ነው። ከከንፈሯ እያነበብኩ ተከተልኳት።

ሌሎቹ ጓደኞቻችን የሚያዩት እኔን መሰላችሁ? ሁሉም እሷን ነበር የሚያዩት። ማይክሮፎኑ በእኔ እጅ፣ ድምፁም የእኔ ሆኖ ሰው የሚያየው እሷን ነው። ቀናሁ። አልዋሽም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ከሻርፑ ጫፍ ብቅ ያለውን የአንገቷን ጠባሳ እያየሁ ቀናሁ።

የመጨረሻውን ስንኝ ግን አልዘፈንኩትም። ማይክሮፎኑን ወደ ከንፈሯ አስጠጋሁላት። ዓይኗን ጨፍና ዘፈነችው። በስፒከሩ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር፣ እሱም ከዜማው አልወጣም።