የሐምሌ ውሃ በኅዳር

ልጅ ሳለሁ፣ አቃቂ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረችው አንድ ክፍል ቤታችን፣ እናቴ ለወራት ከአስፈላጊው በቀር ቃል ሳይወጣት ኖራለች። አባቴ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወንዙ ሞልቶ ከሐዲዱ ሥር ያለውን አፈር ሲሸረሽረው፣ ከባልደረቦቹ ጋር ድንጋይ ሊሞላ ወጥቶ ጎርፍ ወሰደው። እናቴ በቀብሩ ዕለት እንኳ አላለቀሰችም። ታበላኛለች፣ ፀጉሬን ትሠራኛለች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትቀመጣለች።

ያኔ አመሻሹ ላይ አባባ ቱፋ ይመጡ ነበር። ከሐዲዱ ማዶ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው፤ የአባቴ ወዳጅ። ሊያጽናኑን የመጡ አይመስሉም ነበር። የኩበቱ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ኩራዙ ጥላቸውን ጣሪያው ድረስ እያስረዘመው፣ ፍሙ ላይ እጃቸውን እያሞቁ ለእኔ ተረት ያወሩልኛል።

መስከረም ሊያልቅ ሲል አንድ ምሽት፣ ዘሮች ሁሉ ከዝናብ ድርሻቸውን ሊቀበሉ የተሰለፉበትን ቀን ነገሩኝ። ጤፍ ወሰደች፣ ስንዴ ወሰደ፤ ሽምብራ ግን ዘግይታ ስትደርስ ዝናብ ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል። ብቻዋን ቆማ ስታለቅስ መሬት ሰማቻትና «ነይ፣ እኔ ጋ ግቢ» አለቻት። ገባች። አደገች፣ አበበች፣ አፈራች።

«ዝናቡ ከሄደ ምን ጠጥታ?» የሚል ድምፅ ከግድግዳው በኩል መጣ።

እናቴ ነበረች። እኔ ዞሬ አየኋት። አባባ ቱፋ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ «ኅዳር ላይ መጥተሽ እዪው፣ ልጄ። ብነግርሽ አታምኚኝም» አሏት።

ኅዳር ላይ ሄድን። ሣሩ ሁሉ ደርቋል፤ ጥቁሩ አፈር እግሬን ሊውጥ የሚችል ስንጥቅ አውጥቷል። በዚያ ድርቀት መሀል የሽምብራው ማሳ ለምልሞ፣ ጥቃቅን ሐምራዊ አበባ ነስንሶ ቆሟል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

«ከመስቀል ወዲህ ጠብታ አልወረደበትም» አሉ አባባ ቱፋ። ከዚያ ስንጥቁን አሳይተው «እጅሽን አስገቢበት» አሏት።

እናቴ ተንበርክካ እስከ ክርኗ አስገባች።

«እርጥብ ነው» አለች። «አባባ፣ እርጥብ እኮ ነው!»

እኔም አጠገቧ ተንበርክኬ እጄን ሰደድኩ። ከላይ እንደ ድንጋይ የጠጠረው መሬት ውስጡ ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ፣ ሕይወት ያለው ነበር።

«የሐምሌው ውሃ ነው» አሉ አባባ ቱፋ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እናቴ ያኔ አለቀሰች። ጮኻ፣ እጇን ሳታወጣ አለቀሰች። አባባ ቱፋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ እንጂ «በቃሽ» አላሏትም።

ጥር ላይ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረች፤ በፈረቃ እየሠራች አሳደገችኝ። እኔ ግን ለብዙ ዓመታት ያንን ነገር መቀበል ከብዶኝ ኖሯል፤ አባቴን የወሰደው ዝናብ ያንን ሁሉ አበባ እንዴት ያጠጣል? አሁንም መልሱን አላገኘሁትም። ያየሁትን ማስተባበል ግን አልችልም።

እናቴ ካረጀች በኋላ፣ ያን ቀን ምን እንዳሰበች ጠየቅኳት።

«ምንም አላሰብኩም» አለችኝ። «አባትሽን የነካሁት መሰለኝ።»