በ«ጫማዬ» እና በ«የታለ?» መካከል

ቡታጅራ ውስጥ ድምፅ ቀጂ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን አሠሪዬ ጋሽ ከድር ማይክ እንኳ አላስነኩኝም። የስቱዲዮውን መስኮት ከፍተው፣ «አዛን ሲሰማ ቀረጻ ይቆማል። ዘፋኙ ማንም ይሁን ማን፣ ይቆማል። ሲያልቅ ትቀጥላለህ» አሉኝ። የማይክ አቀማመጡንም፣ ድምፅ ማመጣጠኑንም የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ጥርጣሬን ግን ማንም አላስተማረኝም። አንድ ጊዜ አንድ ዘፋኝ የሰው ዜማ የራሴ ነው ብሎ አስቀረጸንና ባለቤቱ ከነሽማግሌዎቹ መጥቶ ደጃችን ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ በሬን የሚያንኳኳ ሁሉ ሌባ ይመስለኛል።

ጋሽ ከድር ጡረታ ወጥተው ስቱዲዮውን እኔ ከያዝኩ በኋላ፣ ምሕረት የምትባል የወልቂጤ መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ መጣች። ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ የሠራችው የልጆች መዝሙር አልበም ነበራት። የእሷን ድምፅ እኔ ቀዳሁ። የልጆቹን ቅብብሎሽ ግን ክፍሏ ውስጥ በስልኳ ቀድታ ነበር ያመጣችው። አልበሙን ለውድድር ልታስገባ ስትል አዘጋጆቹ ሥራው የራሷ መሆኑን ቀጂው በፊርማው እንዲያረጋግጥ ጠየቁ። ወረቀቱ ዓርብ አዲስ አበባ ካልደረሰ ከውድድሩ ትወጣለች።

ማክሰኞ፣ ከመፈረሜ በፊት አልበሙን እንደገና ልስማ ብዬ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ «ጫማዬ የታለ?» የሚለው መዝሙር ላይ ደረስኩ። ልጆቹ «ጫማዬ» ሲሉ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይወርዳል። «የታለ?» ሲሉ ዝናቡ የለም። መሀሉ ተቆርጧል። ደጋግሜ ሰማሁት። ምን ነበር እዚያ ቦታ? የሌላ አስተማሪ ድምፅ? የእውነተኛው ባለቤት ስም?

ረቡዕ ደወለች። «ጋሽ ጀማል፣ ፈረሙልኝ?»

«ትንሽ የማጣራው ነገር አለ።»

«ምኑን?»

«የድምፅ ነገር ነው» ብዬ ዘጋሁ። ብጠይቃት መልስ ታዘጋጃለች ብዬ ነው።

ሐሙስ ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ፣ ሳልነግራት ወልቂጤ ሄድኩ። እንደ ሰላይ ከክፍሏ መስኮት አጠገብ ቆሜ አዳመጥኩ። ያንኑ መዝሙር እያዘመረች ነው። ልጆቹ «ጫማዬ» እንዳሉ ከጎረቤት መስጊድ አዛን ተሰማ። ምሕረት እጇን አነሳች። ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ፤ አንዱ ልጅ አፉን እንደከፈተ ቀረ። አዛኑ ሲያበቃ እጇን አወረደች፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ «የታለ?» አሉ።

በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። በየቀኑ አዛን ሲሰማ ማሽን የማቆመው እኔ ራሴ ነኝ።

አይታኝ ወጣች። «መሀሉ ላይ የቆረጥሽው አዛኑን ነው?» አልኳት።

«አዎ። ስልኩ ሳይቆም ቀዳው። የጸሎት ጥሪ የዘፈን ማጀቢያ አይሆንም ብዬ አወጣሁት። ለዚህ ነው የመጡት?»

«ለዚህ ነው።»

«በስልክ ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር እኮ።»

ግድግዳው ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችና ወደ ልጆቿ ተመለሰች። አመሰግናለሁ አላለችኝም፤ አልፈረድኩባትም። ከሰዓት ለአዲስ አበባ ሚኒባስ ሾፌር ሰጥታ ላከችው።

አልበሙ ተሸለመ። እኔ የሰማሁት እንደማንኛውም ሰው በሬዲዮ ነው። ሁለተኛውን አልበሟን ሌላ ስቱዲዮ አስቀረጸችው።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ጆሯችሁ ድምፅ መቆረጡን ይነግራችኋል። ለምን እንደተቆረጠ የሚያውቀው ግን የቆረጠው ሰው ነው። እሱን ጠይቁት።