አባቴ የተቀመጠበት እሑድ

አባቴ የማዘጋጃ ቤት አትክልተኛ ነበር። ከጎንደር ፒያሳ ወረድ ብሎ ጣሊያን ተክሎት የሄደ የአትክልት ቦታ ነበረ፤ ዙሪያውን ጽድ፣ መካከሉ ሣር፣ ከሣሩ ዳር ዳር ጽጌረዳ። ጠላት ወጥቶ አገሩ ሲረጋጋ ማዘጋጃ ቤቱ ቦታውን አጥሮ ለከተማው ሰው ከፈተው። አባቴ ውኃ ያጠጣል፣ ይኮተኩታል፣ አጥር ይጠግናል። በገበያው፣ በአራዳ፣ የታወቀው ግን በሥራው አልነበረም፣ በድምፁ ነበር።

ዓርብ ዓርብ የአትክልት ክፍሉ ሹም ለመጪው እሑድ የታሰበውን ነገር በሁለት ወረቀት ያስጽፍና ለአባቴ ይሰጠዋል። አባቴ አንዱን በበሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ይለጥፈዋል። ሁለተኛውን በቃሉ አጥንቶ፣ ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ በቆርቆሮ መለከት ለሕዝብ ይናገረዋል። ማንበብ አይችልም ነበር። የማነብለት እኔ ነበርሁ።

ያን ጊዜ ሦስተኛ ክፍል ነኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ከቤታችን ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይዋ ከምትቆይበት በኩል፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ወረቀቱን ከባርኔጣው ውስጥ አውጥቶ ይሰጠኝና ዓይኑን ይጨፍናል።

«በይ እስቲ፤ ቀስ ብለሽ።»

«በመጪው እሑድ ከቀኑ በስምንት ሰዓት በአትክልቱ ቦታ የሙዚቃ ጓድ ይጫወታል። ከነቤተሰቡ ለሚመጣ ሁሉ የገመድ ጉተታና የሩጫ ጨዋታ ተዘጋጅቷል። አበባ መቅጠፍና ከብት ማስገባት ክልክል ነው።»

ሦስት ጊዜ ካነበብሁለት ይበቃዋል። ሲናገረው ግን እንደተጻፈው አይናገረውም። «ከነቤተሰቡ» የሚለውን «ሚስትህን አስከትለህ፣ ልጆችህን አጥበህ ና» ያደርገዋል። ወረቀቱ ላይ የሌለም ይጨምርበታል፤ ነጯ ጽጌረዳ መፈንዳቷን፣ ባለፈው እሑድ የአንድ ሕፃን ጫማ ወድቆ መገኘቱን፣ ቦንቧው ተበላሽቶ የነበረው መሠራቱን። አንድ ቀን «አባዬ፣ ሹሙ ስለ ጽጌረዳዋ አልጻፈም እኮ» ብዬ ገሠጽሁት። «ሹሙ መቼ አያትና!» አለኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አራዳ ላይ ድምፁ ሲሰማ ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን ያቆማሉ፣ ሴቶቹ ሚዛናቸውን ያስቀምጣሉ። «አያ፣ የነገውስ ምንድን ነው?» ይሉታል ገና መለከቱን ሳያነሣ። እኔ ከኋላው ቆሜ ቃል ቢስት ልነግረው እጠብቃለሁ። ስቶ ግን አያውቅም።

እሑድ ሲመጣ ቦታው ይሞላል። ፀሐፊው፣ ነጋዴው፣ ከአዘዞ የመጣው ወታደር፣ ሁሉም ቤተሰቡን ይዞ ሣሩ ላይ ይቀመጣል። እኛም እንሄዳለን፤ እናቴ፣ እኔና ሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ። እናቴ የጭልጋ ልጅ ናት። ጎንደር ከገባች ዓመታት ቢያልፉም ከጎረቤት ሌላ ብዙ ሰው አታውቅምና እሑድን በጉጉት ነበር የምትጠብቀው። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፉርኖ ዳቦ በመሶብ ይዛ፣ ከጽዶቹ ሥር ታስቀምጠናለች። ሁሉ አለን፤ አባታችን ብቻ የለም። እሱ በካኪ ኮቱ፣ የውኃ ጎማውን እየጎተተ፣ አንዱን ልጅ ከቅርንጫፍ ሲያወርድ፣ አንዱን ፍየል ከበር ሲመልስ ይውላል። አልፎ አልፎ በአጠገባችን ያልፋል። «ተመቻችሁ?» ይለናል፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ። ከዚያ ይሄዳል።

ከጨዋታዎቹ ሁሉ የምወደው እግር ለእግር ታስሮ የሚሮጠውን ነበር። አባትና ልጅ አንዳንድ እግራቸውን በጨርቅ ያስሩና ከጽዱ እስከ ቦንቧው በሦስት እግር ይሮጣሉ። እያንዳንዷ ልጅ አባቷን እጁን ይዛ ወደ መስመሩ ስትጎትት እኔ የአባቴን ካኪ ኮት በዓይኔ እፈልጋለሁ። አንድ እሑድ ጎረቤታችን የሆነ ልብስ ሰፊ አዘነልኝና «ነይ፣ ዛሬ ልጄ ታማ ቀርታለች፤ እኔና አንቺ እንሩጥ» አለኝ። ሮጥን። አንደኛ ወጣን። እርሳስ ተሸለምሁ። ቀና ብል አባቴ ከሩቅ፣ ጎማውን በብብቱ ይዞ፣ ያጨበጭባል። ውኃው እግሩ ላይ ይፈሳል። ከጽዱ ኋላ ሄጄ አለቀስሁ። እናቴ መጥታ ምን እንደ ሆንሁ ስትጠይቀኝ ወድቄ ነው አልኋት።

ያን ለት ማታ ራት ስንበላ እናቴ ናት ያነሣችው። እኛ ልጆቹ አንተ እንለው ነበር፤ እሷ ግን እንደ አገሯ ወግ አንቱ ነበር የምትለው።

«ምነው አንድ እሑድ እንኳ ከልጆችዎ ጋር ቢቀመጡ?»

«ማን ይጠብቀዋል?»

«ሌላ ሰው የለም?»

«አለ። ሥራው ግን የኔ ነው።»

ነገሩ በዚያ አለቀ። እኔ ግን አልተውሁትም። የሁዳዴን ጾም ሙሉ፣ ወረቀቱን ባነበብሁለት ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ «አትክልተኛውም ከቤተሰቡ ጋር እንዲቀመጥ ታዟል» እያልሁ ከራሴ እጨምርበት ነበር። እሱ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ይሰማኛል። ይህቺን ግን አይደግማትም።

ፋሲካ አለፈ። በሳምንቱ ዓርብ ወረቀቱን አንብቤ ስጨርስ፣ የኔን ቃል ሳልጨምር፣ ዓይኑን ገልጦ «ሹሙን አስፈቅጃለሁ» አለኝ። «ለዳግማይ ትንሣኤ እቀመጣለሁ። ከጠዳ የመጣው አዲሱ ሠራተኛ ይጠብቅልኛል።» እየዘለልሁ ወደ ቤት ገባሁ። ለእናቴ ስነግራት አልገረማትም። ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም።

እሑድ ዕለት አባቴ ጋቢውን ለብሶ፣ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ባዶ እጁን ሆኖ በበሩ ገባ። ሰው ሁሉ እየተነሣ «አያ! ዛሬስ እንግዳ ሆንህ!» ይለዋል። እሱ ያፍራል። ሣሩ ላይ ተቀመጠ፤ መቀመጥ ግን አያውቅበትም። አንዱ ልጅ ጽጌረዳ ሲነካ ሊነሣ ይላል። ጎማው ሲፈስ ሊነሣ ይላል። በሦስተኛው እናቴ የጋቢውን ጫፍ ይዛ «ይቀመጡ እንጂ!» ብላ ሳበችው። ወንድሞቼ ላዩ ላይ ወጡበት። እንቁላል ልጣ ሰጠችው። በላ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሣሩ ላይ በጀርባው ተጋደመና ወደ ላይ፣ ወደ ጽዶቹ አየ።

«ከዚህ ሲያዩት ሌላ ነው እኮ» አለ። «ሸጋ ነው።»

ሩጫው ሲጠራ እጁን ይዤ ጎተትሁት። እናቴ መቀነቷን ፈትታ ግራ እግሩን ከቀኝ እግሬ ጋር አሰረችው። የሱ እርምጃ ረጅም ነው፤ የኔ አጭር። አምስት እርምጃ ሳንሄድ ወደቅን። ተነሣን። እንደ ገና ወደቅን። ሌሎቹ ቦንቧው ጋ ደርሰው ሲጨባበጡ እኛ ግማሽ መንገድ ላይ አንዳችን ባንዳችን ላይ ተጠላልፈን ነበርን። ያን ጊዜ አባቴ ሳቀ። ሲስቅ አይቼው አውቃለሁ፤ እንደዚያ ግን፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር፣ ከዚያ በፊት አላየሁትም፣ ከዚያም በኋላ አላየሁትም። እየተንፏቀቅን ደረስን። ኋለኛ ነበርን። ሰዉ ሁሉ አጨበጨበልን።

መቀነቱን ገና ስንፈታ ነው ጩኸት የተሰማው። ከጠዳ የመጣው ሰውዬ ሙዚቃውን ለማየት የኋላውን በር ክፍት ትቶት ኖሮ አምስት ፍየሎች ገብተው ጽጌረዳውን ይግጣሉ። አባቴ ጋቢውን ጥሎ ሮጠ። ፍየሎቹን አስወጣ፤ ነጯ ጽጌረዳ ግን ከግንዷ በቀር ምንም አልቀራትም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሹሙ ቦርሳውን ይዞ መጣና አባቴን ወደ ዳር ወሰደው። የሚናገሩት አይሰማኝም። አባቴ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሲነቀንቅ ብቻ አየሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አባቴ ወደ ደባርቅ መዛወሩን ነገረን። ለመንገድ ዳር የሚተከል ችግኝ እንዲያፈላ ነው። ክረምቱ ሳይገባ መድረስ አለበት፤ ለኛ የሚሆን ቤት ስለሌለ ብቻውን ይሄዳል። ማንም ምንም አላለኝም። እኔ ግን አወቅሁ፤ እሱ የተቀጣው በፍየሎቹ ነው፤ ፍየሎቹ የገቡት እሱ ስለ ተቀመጠ ነው፤ የተቀመጠው እኔ ጾሙን ሙሉ ስለ ነዘነዝሁት ነው።

የሄደ ለት በጭነት ማኪና ላይ ከጆንያዎቹ ጋር ወጣ። ዶማውን በጨርቅ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አድርጎት ነበር። «ንባብሽን እንዳትተዪ» አለኝ። ሌላም ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተ፤ ማኪናው ተነሣና አልሰማሁትም።

ቅዳሜ መጣ። አራዳ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ከወረቀቱ ላይ አነበበ። ጥሩ ንባብ ነበረው፣ አንድ ፊደል አልሳተም። ሰፊዎቹ ግን መኪናቸውን አላቆሙም። እናቴ ወደ አትክልቱ ቦታ መሄድ ተወች። እኔ አንድ እሑድ ብቻዬን ሄድሁ። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን አነበብሁ፣ ሙዚቃውን ሰማሁ፣ ካኪ የለበሰ ሰው ባለፈ ቁጥር ልቤ እየዘለለ ቆየሁ። ካኪ የለበሰው ሁሉ ሌላ ሰው ነው። ወደ ቤቴ ተመለስሁ፤ ከዚያ በኋላ አልሄድሁም።

ወሬው የሚደርሰን በሾፌሮች አፍ ነበር። «ደኅና ነኝ በሉልኝ ብሏል» ይላል ሾፌሩ፣ ትንሽ ከረጢት በሶ እያቀበለን። «ሌላስ?» እለዋለሁ። «ሌላ የለም።» ያ ሁሉ ድምፅ የነበረው ሰው ከሦስት ቃል በላይ አይልክም ነበር። እኔም ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ ከዚያ ጫጫታ ውስጥ ድምፁን የሰማሁ እየመሰለኝ ወደ በሩ እሮጣለሁ።

መስከረም ሲጠባ፣ ትምህርት ሳይከፈት፣ እናቴ ወንድሞቼን ለጎረቤት ሰጥታ እኔን ይዛኝ ወደ ደባርቅ ሄደች። ማኪናችን ወለቃን አልፎ፣ መንገድ ዳር ለሽያጭ የተደረደሩትን ገንቦዎች ኋላ ትቶ፣ ወደ ደጋው ሽቅብ ወጣ። ዳባት ስንደርስ ብርዱ ጥርሴን ያንቀጫቅጨው ነበር። ደባርቅ ላይ ጭጋግ ወርዶ ሰው ከሰው አይተያይም። ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ጢሙን ያሳደገ፣ የከሳ ሰው ወጥቶ ወደ ማኪናው መጣ። እጁን ዘርግቶ እስኪያወርደኝ አባቴ መሆኑን አላወቅሁም።

ችግኞቹን አሳየን። በሣር ዳስ ሥር፣ በመደብ በመደብ፣ ጣት የሚያህሉ ጽዶችና ባሕር ዛፎች ተሰልፈዋል። እናቴ ክፍሉን ልታጸዳ ስትገባ እኔና እሱ ብቻ ቀረን።

«ነጯ ጽጌረዳ እንዴት ናት?» አለኝ።

«አቆጥቁጣለች» አልሁት። እውነት ነበር፤ በመንገድ ሳልፍ በአጥሩ ቀዳዳ አይቼአት ነበር። ከዚያ አልቻልሁም። «አባዬ፣ በኔ ምክንያት ነው እዚህ የመጣኸው» ብዬ አለቀስሁ።

«ምነው? ምን አልሽ?»

«ተቀመጥ ብዬ ባልነዘንዝህ ፍየሎቹ አይገቡም ነበር። ሹሙም አይቀጣህም ነበር።»

ከችግኞቹ መካከል ቁጢጥ አለ። እጁ ጭቃ ነበረና በክንዱ ነው እንባዬን የጠረገው።

«ስሚኝ ልጄ። እንድዛወር የታዘዘው በጾሙ አጋማሽ ነው። ሹሙ ቀደም ብሎ ነግሮኛል። ስለምሄድ ነው አንዲት እሑድ ስጡኝ ያልሁት። ፍየሎቹን እሱ እንኳ ስቆባቸዋል።»

«ታዲያ ወደ ዳር ወስዶ ምን አለህ?»

«መቼ እንደምሳፈር ነገረኝ።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

አንዱን ችግኝ አፈሩን ጠበቅ አድርጎ ደገፈው። «ብነግርሽ» አለ በመጨረሻ፣ «ያን ቀን እያለቀስሽ ትውዪው ነበር።»

ሦስት ቀን አብረነው ሰነበትን። ከሥራ ሲወጣ የገብስ እሸት እየጠበሰ ያበላናል፣ ስለ ደጋው ሰው ያወራናል። ስንመለስ እናቴና እኔ ዳባት ደረስን። እዚያ ማኪናው ሲቆም «እኔም አውቅ ነበር» አለችኝ። «አትንገሪያት ብለውኝ ነው።» ተቀየምኋት። ራሴ ልጆች እስክወልድ ድረስ ቅያሜው ከውስጤ አልወጣም ነበር።

አባቴ ደባርቅ አምስት ዓመት ቆየ። በበዓል በበዓል ይመጣል፣ ሦስት አራት ቀን ይቀመጥና ይሄዳል። ሲመጣ እሱን ለመልመድ አንድ ቀን ይፈጅብናል፤ ትንሹ ወንድሜማ ከኋላዬ ይደበቅ ነበር። ለሁልጊዜው ሲመለስ ሹሙ ተለውጦ፣ የእሑዱ ጨዋታ ቀርቶ፣ እኔም ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ለመምህርነት ሥልጠና ወደ ሌላ አገር ልሄድ እቃዬን ስሸክፍ ደረሰ። አንድ ወር እንኳ አንድ ቤት ውስጥ አልኖርንም። ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ትዳር፣ ከዚያ የሱ ሳል።

ዛሬ እሱ ያን ጊዜ ከነበረበት ዕድሜ እጅግ አልፌያለሁ። ብዙ ነገር ልጠይቀው ስችል አልጠየቅሁትም። ከጾሙ አጋማሽ ወዲህ ወረቀት ሳነብለት፣ መሄዱን እያወቀ ዓይኑን ጨፍኖ ሲሰማኝ፣ ምን እያሰበ እንደ ነበር አላውቅም። ከማኪናው ላይ ሆኖ ሊለኝ የነበረውንም አላውቅም። አንድ ጊዜ ልጠይቀው ጀምሬ፣ ታሞ ተኝቶ ነበርና፣ እንዳይደክመው ብዬ ተውሁት።