ከኋላ የሚመጣው

ሰፈሩ «እጀ ለስላሳ» ይለዋል። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ምላጭ ሲያሳርፍ ደንበኛውን እንቅልፍ የሚወስደው ዓይነት። በሰው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ጎረምሳ በሚስቱ ፊት በጥፊ ሲያጮለው እንኳ ጉንጩን ይዞ ሰልፉ ላይ ቆሞ ታክሲውን ጠበቀ። ሚስቱ ነገሩን ዳግም አላነሳችውም። የቆጠቆጠው አለማንሳቷ ነው።

የሚስቱ ወንድም ቤት ሲቀይር፣ ቪአር የሚሉትን ዓይንን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን መነጽር «አቧራ ከሚጠጣ አንተ ተጫወትበት» ብሎ ሰጠው። ውስጡ የቡጢ፣ የእርግጫና እጅ ጠምዝዞ የመያዝ ማሰልጠኛ አለ። ሲያጠልቁት ሳሎኑ ይጠፋና ሰፊ አዳራሽ ይመጣል፤ ፊት ለፊት ተጋጣሚ ይቆማል። እጀ ለስላሳ ሶፋውን ግድግዳ አስጠግቶ፣ ከሥራ መልስ መለማመድ ጀመረ። አሰልጣኝ የለ፣ አብሮት የሚወድቅ የሚነሳ ጓደኛ የለ። የሚመታውም ሰው «አመመኝ» አይል።

መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ ሳቅ ነበር። የጣቶቹ መገጣጠሚያ ተልጦ ስታየው ሚስቱ «ግድግዳው ደግሞ ምን በደለህ?» ብላ ቀለደችበት። ትከሻው ሰፋ፣ አረማመዱ ተቃና። እሷም በልቧ ደስ ሳይላት አልቀረም።

ከዚያ ግን መነጽሩን እንዳሻው ያደርገው ጀመር። «አሁን እረፍት ውሰድ» እያለ የሚያቋርጠውን ድምፅ አጠፋው። ተጋጣሚው ከመሰንዘሩ በፊት የሚበራውን ቀይ ምልክትም አጠፋው። ቀጥሎ ከኋላ ሳይታሰብ የሚመጡትን ተጋጣሚዎች መረጠ።

«ምን ነካህ?» ስትለው፣ «ውጭ ማን አስጠንቅቆ ይመታል?» አላት።

አንድ ቀን ዕቃ ሲያጥብ ከኋላው መጥታ ትከሻውን ነካችው። ክርኑ ተወርውሮ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። የያዘው ብርጭቆ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ።

«ድንገት መጣሽብኝ እኮ» አለ።

«መነጽሩን እኮ አላደረግክም» አለችው ቀስ ብላ።

ከዚያ ወዲህ እሱ ያለበት ክፍል ስትገባ «እኔ ነኝ» ማለት ለመደች።

ፀጉር ቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ደንበኛ ነበሩት፤ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወንበሩን አጋድሞ፣ ነጩን ጨርቅ አንገታቸው ላይ አስሮ፣ ጺማቸውን በአረፋ ሸፍኖ ይላጫቸዋል። እሳቸው ስለ ውሃ መጥፋት ያማርራሉ፣ እሱ «ልክ ነዎት» ይላል። ድንገት ጨርቁ ተንቀሳቀሰና እጃቸው ከሥሩ ወጣ።

ምን እንዳደረገ ያየው በመስታወቱ ውስጥ ነው። ግራ እጁ የሽማግሌውን እጅ ጠምዝዞ ከወንበሩ መደገፊያ ጋር አጣብቆታል። ቀኝ እጁ ምላጩን ከጆሯቸው ሥር ይዟል። ቀጭን የደም መስመር በአረፋው ውስጥ ትወርዳለች።

«ልጄ» አሉ ጋሼ ሳይንቀሳቀሱ፣ «ስልኬ ነው።»

ስልኩ መስታወቱ ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ ይጮኻል። እሱ ጭራሽ አልሰማውም ነበር።

ለቀቃቸው። ይቅርታ ጠየቀ፣ ደሙን በአልኮል ጠረገ። ጋሼ ግማሽ ፊታቸው ሳይላጭ አረፋውን በፎጣ አብሰው ወጡ። አጠገቡ ባለው ወንበር የሚሠራው ባልደረባው የፀጉር ማሽኑን አጥፍቶ «እጅህ እንኳ አልተንቀጠቀጠም» አለው።

እውነቱን ነው። ለማንም ያልተናገረው ግን ሌላ ነገር አለ። በዚያች ቅጽበት ደስ ብሎት ነበር። መነጽሩ ውስጥ ስንት ጊዜ ሞክሮ ያልተሳካለት አያያዝ፣ ያን ቀን እንከን አልወጣለትም።

መነጽሩን ሚስቱ ጠቅልላ ለወንድሟ መለሰችለት፤ እሱም አልተቃወመም። ጋሼ ተመልሰው አልመጡም። ለጥቂት ጊዜ ባልደረባው ምላጭ አላስነካው አለ፣ እሱም በፀጉር ማሽኑ፣ በቶንዶስ ብቻ ይሠራ ነበር። ኋላ ደንበኛ ሲበዛ ምላጩ ወደ እጁ ተመለሰ።

አሁን ጨርቁን አስሮ ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ «እጅህን እንዳታወጣ» ይላል። ይህን ሳይለው የሚያልፈው ደንበኛ የለም። ብዙዎቹ ቀልድ ይመስላቸዋል። በቀደም አንዱ ወጣት እየሳቀ «ካወጣሁስ?» አለው።

እጀ ለስላሳ ምላጩን እንደያዘ በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብሎ አየው።

«አታውጣ» አለ።

ወጣቱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጣቶቹን ከጨርቁ ሥር አቆላለፈ።